እንጦጦ ሲሸፈን አይበረርም

በየካ ክፍለ ከተማ የምትኖሩ ከሆነ የሐምሌን ጠዋት ታውቁታላችሁ። መስኮት ስትከፍቱ እንጦጦ የለም። ትናንት ማታ ባሕር ዛፉ ሳይቀር ይታይ የነበረው ተራራ በጉም ተውጧል። የቤት እመቤት ይህን ስታይ ያጠበችውን ልብስ ውጭ አታሰጣም። አባወራውም ጃንጥላውን ፈልጎ ይወጣል። ትንሽ አውሮፕላን የሚያበር ሰው ግን ከዚሁ መስኮት ሌላም ነገር ያነብባል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ደመናው የተራራውን ራስ ከሸፈነው ከማኮብኮቢያው በላይ የቀረው ንጹሕ አየር አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ዛሬ የምናወራችሁ ሌሊትና ቀን በላያችን ስለሚያልፉት ግዙፍ አውሮፕላኖች አይደለም። ሁለት ወይም አራት ሰው ስለሚይዙት፣ ሰዎች ለሥራ ሳይሆን ለደስታ ስለሚያበሩዋቸው ትንንሾች ነው። ምናልባት ከእናንተ መካከል "ማብረር ልማር" ብሎ ባለቤቱን ያስደነገጠ ይኖራል። ወይም ሲያትል ያለው ወንድማችሁ "ፈቃድ አወጣሁ" ብሎ ከአውሮፕላን ጎን የቆመበትን ፎቶ ልኮላችሁ ይሆናል። እናት ደስ ይላታል፤ ማታ ግን እንቅልፍ አይወስዳትም።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን "ሰመር" የሚሏቸው ወራት ለእነርሱ ፀሐይ የሚሞቁባቸው ናቸው። ለእኛ እነዚያው ወራት ክረምት ናቸው። ስለዚህ የሲያትሉ ሰው በየቅዳሜው ሲበርር የአዲስ አበባው ባልንጀራው ብዙውን ቀን አውሮፕላኑን አስሮ ይቀመጣል። የሚገርመው ግን የአገራችን የበረራ ታሪክ የተጀመረው በዚሁ በክረምት ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሣይ ሠራሹ ፖቴዝ 25፣ በአንድሬ ማዬ አብራሪነት ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ።

ሞተርም ትንፋሽ ያጥረዋል

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግራችሁ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብላችሁ ትንፋሽ ትሰበስባላችሁ። የትንሽ አውሮፕላን ሞተርም እንዲሁ ነው። ነዳጁን ለማቃጠል አየር ይፈልጋል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህሉን ያጣል። ሒሳቡን ብትሠሩት ቦሌ ላይ የቆመ አውሮፕላን ገና ሳይነሣ ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ጎድሎበታል። ክንፉንና መዘውሩን የሚይዘውም ይኸው ስስ አየር ነው። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ የተማረ አብራሪ እዚህ ሲመጣ "አውሮፕላኑ ምን ሆነ?" ቢል አትፍረዱበት።

ከዚህ የተነሣ ሚዛን ቀልድ አይደለም። አራት ወንበር አለ ማለት አራት ጎልማሳ፣ ሙሉ ነዳጅና ሻንጣ ይጫናል ማለት አይደለም። አብራሪው የእያንዳንዱን ሰው ክብደት መጠየቅ አለበት፤ ጠያቂው አማች ፊት ቢያፍርም። በርበሬውና ቅቤው የታጨቀበት ሻንጣም ይመዘናል። (ይህን ስጽፍ የማውቃቸው አንዳንድ እናቶች ፊት ይታየኛል።)

ተራራም የራሱ ሕግ አለው። ነፋስ ሸንተረሩን ተሻግሮ በወዲያኛው ጎን ወደ ታች ሲወርድ ትንሽ አውሮፕላንን ይዞ ለመውረድ አቅም አለው። ስለዚህ ጥሩ አስተማሪ ተማሪውን በቀጥታ ወደ ተራራው አያስበርርም። ሰያፍ አድርጎ ይቀርባል፤ ካልሆነለት በትንሽ መታጠፍ ወደ ዝቅተኛው መሬት እንዲመለስ።

ሦስት ደቂቃ የማይሞላ

ከሁሉ የሚከፋው ግን ደመና ውስጥ መግባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በመሣሪያ ብቻ ማብረር ያልተማሩ 20 ሰዎችን ወስደው ውጭውን ማየት ሲከለከሉ ምን እንደሚሆኑ ፈተኑ። ሃያዎቹም አውሮፕላኑን ከቁጥጥራቸው ውጭ አደረጉት። ቶሎ የተሸነፈው በ20 ሴኮንድ፣ ብዙ የቆየው በ480 ሴኮንድ ነበር። አማካዩ 178 ሴኮንድ ሆነ፤ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ምክንያቱ የልብ ድክመት አይደለም። ሚዛናችንን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሯችን ዓይን ካላገዘው ይሳሳታል። አውሮፕላኑ በቀስታ ሲያጋድል "ቀጥ ብለሃል" ይለናል፤ ስናቀናው ደግሞ "አጋደልህ" ይላል። አብራሪው ጆሮውን አምኖ አውሮፕላኑን ወደ መሬት ይመራዋል።

ውሃ ላይ ማረፍ

ሲያትል ያለው ወንድማችሁ ምናልባት ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላንም ተምሮ ይሆናል። በዚያ ከተማ መካከል በሚገኘው ዩኒየን ሐይቅ ላይ እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች እንደ ታክሲ ሲነሡና ሲያርፉ ይውላሉ። ከጎማ ይልቅ ታንኳ የሚመስሉ ሁለት ተንሳፋፊዎች አሏቸው። ውሃ ይሰርግባቸዋልና ከበረራ በፊት በእጅ ፓምፕ ይቀዳል። ፍሬን የላቸውም፤ ሞተሩ ሲነሣ ወዲያው መሄድ ይጀምራሉ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ማዕበሉን ነው። አብራሪዎች ግን እንደ መስተዋት ጸጥ ያለውን ሐይቅ ይበልጥ ይፈሩታል። ሞገድ ከሌለ ውሃው የት እንዳለ ዓይን መለየት ያቅተዋል። አብራሪው ገና አሥር ሜትር ሲቀረው ደረስሁ ሊል ይችላል፤ ወይም ገና ነኝ ሲል ከውሃው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የዳርቻውን ዛፍ እየተመለከተ፣ በጣም በቀስታ እየወረደ፣ ውሃው ራሱ እስኪነካው ይጠብቃል።

ቤቲ ግሪን ያደገችው በዚያው በሲያትል አካባቢ ነበር። ማብረር የጀመረችው በ16 ዓመቷ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ሚሽን አቪዬሽን ፌሎሺፕን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ1946ም የድርጅቱን የመጀመሪያ በረራ ወደ ሜክሲኮ አደረገች። ከዚያ በፔሩ ለመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ያበረረችው በየብስም በውሃም የሚያርፍ ግሩማን ሠራሽ አውሮፕላን ነበር፤ ስሙም "ዳክዬ"። በእርሱ የአንዲስን ተራሮች ተሻግራለች። በ1950ዎቹም ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ አገልግላለች።

"ጣናም አለን፣ ሐዋሳም አለን" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ጉልበቱ የጎደለ ሞተር ተንሳፋፊዎቹን ከውሃ ለማላቀቅ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። የእምቦጭ አረም በተኛበት ዳርቻ ደግሞ ታንኳም በቅጡ አይሄድም።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በአገራችን የተሠራችው ትንሽ አውሮፕላን ፀሐይ፣ ጣሊያኖች ከወሰዷት በኋላ ለረጅም ዘመን የቆመችው ብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኝ ሙዚየም ነበር። ቦታው ቀድሞ የባሕር አውሮፕላኖች ጣቢያ ነበር። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው።

"ዛሬ ይቅር"

አሁን ወደ ባለትዳሮች ልምጣ። ዓለም አቀፉ መመዘኛ የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 17 ዓመት ዕድሜ፣ የጤና ምርመራና በመደበኛው መንገድ 40 ሰዓት በረራ ይጠይቃል። አርባ ሰዓት! ይህ ፈቃድ ያለው ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መነሣት ይፈቀድለታል። ደመናን ግን አያውቀውም።

ብዙ ልምድ ያለውም ይወድቃል። በ1928ቱ ጦርነት ዋዜማ ከቺካጎ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው፣ ከድል በኋላም ተመልሶ ወጣቶቻችንን ያሠለጠነው ጆን ሮቢንሰን በመጋቢት 1946 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ያረፈው በትንሽ አውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት ነው።

አብራሪን የሚገፋው ብዙ ጊዜ ሰው ነው። ሠርግ አለ፤ ድግሱ ተደግሷል፤ ልጆቹ ለብሰው ተቀምጠዋል። "እስኪ ትንሽ እንሞክረው" ይባላል። በእኛ ቤት ደግሞ አንድ ተጨማሪ አለ፤ "ጸልየናል፣ እንሂድ" እንላለን። ወገኖቼ፣ ስለ መንገድ መጸለይ መልካም ነው፤ እኔም እጸልያለሁ። ደመናው የት እንደደረሰ ማየት ግን የእኛ ሥራ ነው። አይቶ መቅረትን እምነት ማጣት አድርገን ለባላችን ወይም ለሚስታችን አንንገር።

እህቴ ሆይ፣ ባለቤትሽ አብራሪ ከሆነ ገና በጋ ሳለ ተነጋገሩ። አውሮፕላኑ ውስጥ የሚቀመጥ ማንኛውም ሰው "ዛሬ ይቅር" ካለ ያለ ክርክር ይቅር ተባባሉ። ልጅም ቢሆን ይናገር። ወንድሜ ሆይ፣ እርሷ እንጦጦን ከአንተ ይልቅ አታውቀውም ብለህ አትናቅ፤ ልብስ ስታሰጣና ስትሰበስብ ስንት ክረምት አይታዋለች። ስትመለስም "ፈርተህ ነው" የሚል ዘመድ ቢኖር መልሱን እርሷ ትስጥ።

ሲያትል ያለው ወንድማችሁም ቅዳሜ ማታ ደውሎ "ሐይቁ ላይ ጭጋግ ነበር፤ አልበረርንም" ቢላችሁ ከንፈር አትምጠጡለት። ምሳ ምን እንደበሉ ጠይቁት።