የናፍጣ መኪና ማጣሪያ ሞተር ያንቃል?

ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቷል። መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፤ ናፍጣውም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። አውሮፓ ውስጥ ሲሠራ የኖረ መኪና የገዛ ሰው ይህን ይዞ ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ይኸው ነው፦ «ማርሚታው ጋ ያለው ማጣሪያ አንቆት ነው፤ ይውጣና ሞተሩ ይተንፍስ።» ቆርቆሮው ይቆረጣል፣ ውስጡ ተሰባብሮ ይወጣል፣ ባዶው መልሶ ይበየዳል።

ምክሩ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የታፈነ ማጣሪያ የጭሱን መውጫ ስለሚዘጋ ሞተሩ ይደክማል፤ ሲወጣ ጉልበቱ ይመለሳል። ባለመኪናው ይህን ዓይቶ ያምናል። ማጣሪያው ለምን እንደታፈነ ግን የጠየቀ የለም።

ማጣሪያው እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ ነው። አንዱ ቀዳዳ ከፊት፣ ጎረቤቱ ከኋላ ስለተደፈነ ጭሱ በግድግዳው ሾልኮ ያልፋል፤ በክብደት ሲለካ ከጥቀርሻው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እዚያው ይቀራል። የተጠራቀመው ጥቀርሻ ሙቀቱ 600 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቃጠላል። ለዚህ መኪናው ሳይቆራረጥ መሮጥ አለበት፤ ቀኑን ሙሉ በመንገድ መጨናነቅ ሲነሣና ሲቆም የሚውል መኪና ይህን ሙቀት አያገኝም። ኢንጀክተሩ የሚያንጠባጥብ፣ ቱርቦው ዘይት የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ ጥቀርሻው ከሚቃጠለው በላይ ይመጣል። ድኝ የበዛበት ናፍጣም ጥቀርሻው እንዲቃጠል የሚያግዘውን ካታሊስት ያዳክማል። ማጣሪያውን ቆርጦ የሚጥል ሰው እንግዲህ የሞተሩን በሽታ እዚያው ትቶ ምልክቱን ብቻ ነው ያጠፋው።

አመዱም አለ። ጥቀርሻ ይቃጠላል፤ ከሞተር ዘይት የሚመጣው አመድ ግን ውስጡ ይቀራል። ምድጃው አመድ ሞላ ብሎ ምድጃውን የሚያፈርስ የለም፤ አመዱ ይጠረጋል። ማጣሪያም ተፈትቶ ይጸዳል። የቀለጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው፤ ዋጋው ከባድ መሆኑም አይካድም።

«ማንንም አይጎዳም» የሚለው ማባበያ ግን ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ጋር መድቦታል፤ ትምባሆና አስቤስቶስ ያሉበት ምድብ ነው። ያን ጭስ የሚተነፍሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመው ሰው ነው፤ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው እናት ናት። ደረቁን ጥቀርሻ ፊቱ ላይ እያቦነነ ማጣሪያውን የሚሰባብረው የጋራዡ ልጅም ነው፤ እሱን ያስጠነቀቀው የለም።

ማጣሪያ ለከተማ ሥራ አይሆንም ለሚሉ ቶኪዮ መልስ አላት። በ1999 እ.ኤ.አ. አስተዳዳሪው ሺንታሮ ኢሺሃራ ጥቀርሻ የሞላበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ። ከጥቅምት 2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶኪዮና ሦስት አጎራባች ግዛቶች መስፈርቱን የማያሟሉ የናፍጣ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች እንዳይገቡ ከለከሉ፤ አሮጌዎቹ ማጣሪያ ተገጠመላቸው። ብሪታንያም ከየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከፋብሪካ ማጣሪያ ይዞ ወጥቶ ያለ ማጣሪያ የተገኘን መኪና በዓመታዊ ምርመራ ትጥላለች።

«ጥቁር ጭስ ካልታየ ንጹሕ ነው» የሚባለው ሐሰት ነው። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይታዩም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የእነዚህን ጋዞች ምርመራ የሚያጭበረብር ሶፍትዌር እንደተጫነባቸው የታወቀው 11 ሚሊዮን ገደማ የቮልስዋገን መኪኖች ሲሄዱ ጥቁር ጭስ የሚጎትቱ አልነበሩም።

እነዚህን ኦክሳይዶች ለመቀነስ ጭሱ ላይ ስለሚረጨው አድብሉ ስለሚባለው ፈሳሽም «ሲያልቅ የቧንቧ ውሃ ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይበቃም። አድብሉ 32.5 በመቶ ዩሪያ ነው፤ ቀሪው ከማዕድን የጠራ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ መርጫውንና ካታሊስቱን ያበላሻል።

«አዲስ አበባ ላይ ናፍጣ መኪና ማጨሱ ተፈጥሮው ነው» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ዳገት ላይ ነዳጁን አሟልቶ አያቃጥልም። ሜዳ ላይ በቀስታ እየሄደ ጥቁር የሚተፋ መኪና ግን የአየር ማጣሪያውና ኢንጀክተሩ ይታይለት።