ከጓዳ የተነሣ ምርምር

ምርምር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪምና የላቦራቶሪ ብልቃጥ ነው። የሥነ ጥበብ ሥራ ግን ከተሰጥኦ ብቻ የሚፈልቅ፣ ከጥናት የማይቆጠር ይመስለናል። ሠዓሊም ጥያቄ ይዞ ሊነሣ፣ በዘዴ ሊመዘግብና ውጤቱን ለሌሎች ፍርድ ሊያቀርብ እንደሚችል አንዲት እናት በሥራቸው አሳይተዋል።

ወይዘሮ ሜሪ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ ተወልደው በለንደን ይሠሩ የነበሩ ሠዓሊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ወንድ ልጅ እንደ ወለዱ፣ እናትና ልጅ አንዳቸው ሌላውን እንዴት እንደሚቀርጹ ለማጥናት ተነሡ። ሕፃኑ ምግብ ሲለምድ የበላውን እየመዘገቡ፣ በሽንት ጨርቁ ውስጥ የሚነጠፈውን ስስ ጨርቅ ከነእድፉ አኖሩ። አፉን ሲፈታ ያወጣቸውን ቃላት ከዕድሜው ጋር ጻፉ። የሞነጫጨረውን ወረቀት፣ በጀሶ የተቀረጸ የእጁን ቅርጽ፣ ለቅሞ ያመጣላቸውን ቅጠልና ነፍሳት ሳይቀር በየተራው አደራጁ። ልጃቸውን ትተው ሥራ ሲሄዱ የሚሰማቸውንም ሥጋት በማስታወሻቸው አሰፈሩ። ስድስት ክፍል ያለው ሥራ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1979፣ ልጁ ፊደል መጻፍ ከጀመረ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ1976 በለንደን ለሕዝብ ሲታዩ፣ አንዳንድ ጋዜጦች በእድፉ ጨርቅ ተሳለቁ። ሥራው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በመጽሐፍ ታትሞ መወያያ ሆነ።

ወይዘሮ ኬሊ ዓይናቸውን በጓዳ ብቻ አልወሰኑም። ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1975 በለንደን በአንድ የቆርቆሮ ዕቃ ፋብሪካ የሚሠሩ ከ150 በላይ ሴቶችን ኑሮ በፎቶግራፍ፣ በፊልምና በሠንጠረዥ አጥንተዋል። ሠራተኞቹ የቀን ውሏቸውን ሲያስረዱ፣ ወንዶቹ በአብዛኛው የፋብሪካውን ሥራ ተናገሩ፤ ሴቶቹ ግን ከፋብሪካው በፊትና በኋላ ያለውን የቤት ሥራም ዘረዘሩ። ደመወዝ የማይከፈልበት ድካም በዚህ መንገድ በወረቀት ላይ ታየ።

ዛሬ በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ጥበብ ሥራ ከጽሑፍ ማብራሪያ ጋር ቀርቦ የዶክትሬት ማዕረግ ያሰጣል።

ለመታሰቢያ የተቀመጠ የልጅ ጫማ ብቻውን ምርምር አይሆንም። ምርምር የሚሆነው ጥያቄ ሲኖረው፣ ቀኑ ሲመዘገብና አንዱ ማስረጃ ከሌላው ሲነጻጸር ነው። በእርግጥ የአንድ ልጅ መዝገብ ስለ ልጆች ሁሉ አይናገርም፤ ነገር ግን ሌሎች እናቶች ከራሳቸው ኑሮ ጋር የሚያመዛዝኑት ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ እናቶች፣ አንድ ደብተርና እርሳስ ከአጠገባችሁ አይጥፋ። በየቀኑ የምታዩትና የምትሠሩት ነገር ካልተጻፈ፣ ከድካማችሁ ጋር ተረስቶ ይቀራል።