አፉን ያስፈታው ጥይት

አንባቢ ሆይ! የተመልካችን ዓይን ለማታለል ሲል ስሙን፣ መልኩንና አፍ የፈታበትን ቋንቋ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቀብሮ የኖረ ሰው ቢገጥምህ ምን ትለዋለህ? እኔ የሰውየውን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብሁ ጊዜ «እብድ ነው» ብዬ ነበር። በኋላ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በል።)

ዊሊያም ሮቢንሰን በ1861 በኒውዮርክ ግዛት የተወለደ አሜሪካዊ ነው። በዘመኑ ስመ ጥር ለነበሩት ምትሃተኞች፣ ለኬላርና ለኸርማን፣ ረዳት ሆኖ ብዙ ዓመት ሠራ። የምትሃት መሣሪያ በመፈልሰፍ የተዋጣለት ነበር፤ ብቻውን መድረክ ላይ ሲቆም ግን ንግግር አይሆንለትም።

በ1898 ቺንግ ሊንግ ፉ የሚባል እውነተኛ ቻይናዊ ምትሃተኛ አሜሪካ ገባ። ከባዶ ጨርቅ ሥር ውሃ የሞላበት ትልቅ ገበታ ያወጣ ነበር፤ ይህንንም ለሚሠራ ሰው 1,000 ዶላር እሰጣለሁ ሲል አስነገረ። ሮቢንሰን «እኔ አለሁ» ቢል የሚቀበለው አላገኘም። ቂም ይዞ ይሁን ጥቅም ዓይቶ፣ በ1900 ጠጉሩን ተላጭቶ፣ ፊቱን ተቀብቶ፣ የቻይና ሐር ለብሶ በአውሮፓ መድረክ ብቅ አለ። ስሙም ቹንግ ሊንግ ሱ ሆነ። ጋዜጠኞችን እንኳ የሚያነጋግረው በአስተርጓሚ ነበር!

በ1905 ሁለቱ ለንደን ላይ ተገናኙ። ቻይናዊው ተቀናቃኙ አስመሳይ መሆኑን ቢናገር ሕዝቡ ደንታም አልሰጠው፤ ከዋናው ይልቅ ግልባጩን ወደደ። በእኔ አስተያየት ቻይናዊው ተበድሏል። የገዛ አገርህን መልክ ሌላ ሰው እንደ ካባ ደርቦ እንጀራ ሲበላበት ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከሱ ትርኢቶች ሁሉ የሚያስፈራው ጥይት መያዙ ነበር። ጠመንጃዎቹ በአፈሙዛቸው ባሩድና ዓረር የሚጎርሱ የድሮ ጠመንጃዎች ናቸው። ከተመልካቹ መካከል የተጠሩ ሰዎች ዓረሮቹ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ዓረሮቹ በስውር ይለወጡና ምልክት ያለባቸው ሱ እጅ ይገባሉ። የሚጎርሰው ዓረር ግን እውነተኛ ነው። ተንኮሉ እሳቱ ላይ ነው፤ ወደ በርሜሉ የሚወስደው መንገድ ተደፍኖ፣ ከበርሜሉ ሥር የመጠቅጠቂያው ዘንግ በሚገባበት ቧንቧ ውስጥ ያለውን ባዶ ባሩድ ብቻ ያነድዳል። ይጮኻል፣ ይጨሳል፣ ዓረሩ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሱም ምልክት ያለባቸውን ዓረሮች በሳህን እንደ ቀለበ ሆኖ ያሳያል።

መጋቢት ወር፣ 23 ቀን 1918፣ ቅዳሜ ማታ፣ ለንደን ውስጥ በዉድ ግሪን ኤምፓየር ቴአትር ቤት ጠመንጃዎቹ ተተኮሱ። ከአገልግሎት ብዛት የአንደኛው ጠመንጃ ድፍን ላልቶ እሳቱ ወደ በርሜሉ ሾልኮ ኖሯል። ዓረሩ ሳንባውን መታው። ያን ጊዜ «ቻይናዊው» አደጋ መድረሱን ተናግሮ መጋረጃውን እንዲያወርዱ ለመነ፤ በጥሩ እንግሊዝኛ! ተመልካቹ ሲተውን እንጂ ሲሞት የሚያይ አልመሰለውም። በማግሥቱ በ56 ዓመቱ አረፈ። መርማሪዎቹም ድንገተኛ አደጋ ነው ብለው ፈረዱ።

ይህን ሳስብ ቤላ ሉጎሲ ትዝ ይለኛል፤ የድራኩላን ፊልም ያየህ ታውቀዋለህ። እሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሃንጋሪያዊ ስደተኛ ነበርና በ1922 ኒውዮርክ ላይ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ሲተውን ቃሉን በድምፁ ብቻ እንደ ዳዊት ሸመደደው። (የቃላት ትርጉም ሳያውቁ ለፈተና የሚሸመድዱ ተማሪዎቼ ይህን ባይሰሙ እመርጣለሁ።) በ1927 በቴአትር፣ በ1931 በፊልም ድራኩላን ሆነ። ከዚያ ወዲያ ያ ካባ አልለቀቀውም፤ ሌላ ዓይነት ሥራ ቢመኝ የሚሰጡት ያንኑ የሚያስፈራውን ነበር። በ1956 ሲሞት ቤተ ሰቦቹ የድራኩላን ካባ አልብሰው ቀበሩት።