ለጤነኛ ሰው ስንት ይበቃል? የደም ሥር ማደንዘዣ መጠን

እንደ ራያዋ ቆቦ ባሉ የወረዳ ከተሞች ሕመምተኛውን የሚያስተኛው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ሳይሆን አንስቴቲስት፣ ማለትም የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። የሙያው መጽሐፍ ለጤነኛ አዋቂ መጠኑን ይነግረዋል፤ ፕሮፖፎል በኪሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊግራም፣ ቲዮፔንታል ከ3 እስከ 5፣ ኬታሚን ከ1 እስከ 2። 50 ኪሎ ለሚመዝን የራያ ገበሬ ፕሮፖፎሉ ከ75 እስከ 125 ሚሊግራም ሊሆን ነው። ሰፊ ልዩነት ነው።

ቁጥሮቹ የመጡት ከጤነኞች ነው፤ በሽታው መድኃኒቱን እንዳይጋርደው። መጠኑን የማግኛው አንዱ ዘዴ ቀላል ነው፦ አንዱ ሰው ከተኛ ለቀጣዩ ይቀነሳል፣ ካልተኛ ይጨመራል። በዚህ መንገድ ግማሹን ሰው የሚያስተኛው መጠን ይገኛል። መተኛቱም ስሙ ሲጠራ ባለመመለሱ፣ ሽፋሽፍቱ ሲነካ ዐይኑን ባለመጨፈኑ ይታወቃል። ግማሹን የሚያስተኛ መጠን ግን ለሥራ አይበቃም፤ ሐኪም የሚፈልገው ከመቶ 95ቱን የሚያስተኛውን ነው፣ ያ ደግሞ ለአንዳንዱ ይበዛበታል።

ከሦስቱ መድኃኒቶች ቲዮፔንታል እ.ኤ.አ. በ1934 አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጀመረ። ኬታሚን በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሞከረው በሚሺጋን እስረኞች ላይ ነው፤ ፈቃደኞች ተብለዋል፣ የእስረኛ ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ግን ያነጋግራል። ፕሮፖፎል በ1977 ተሞክሮ፣ የተሟሟበት ፈሳሽ አለርጂ ስላስነሳ ተመልሶ፣ በ1986 እንደ ወተት ነጭ ሆኖ መጣ።

በእኔ አስተያየት ችግሩ «ጤነኛ» የሚለው ላይ ነው። በቆላው ሙቀት ከሩቅ ቀበሌ ተጉዞ፣ ለቀዶ ጥገናው ከምግብና ከመጠጥ ታቅቦ የቆየ ጎልማሳ በሽታ የለበትም፤ ፈሳሹ ግን ጎድሏል። የተለመደው የፕሮፖፎል መጠን በአንዴ ቢወጋ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ጫት መቃም አለመቃሙም ሊጠየቅ ይገባል፤ በጫት ያለው ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትን ይጨምራል። ኬታሚን ኦክስጅን በሚያጥርበት ቦታ የሚወደደው ትንፋሽንም ግፊትንም እምብዛም ስለማያወርድ ነው፤ ዋጋው ምራቅና በመንቃት ጊዜ የሚመጣ ቅዠት ነው።

ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው መጠኑን ከፋፍሎ በቀስታ ይሰጣል፤ በየመካከሉም መድኃኒቱ አንጎል እስኪደርስ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ይጠብቃል። ዕድሜው የገፋ ወይም ደሙ በዝግታ የሚዞር ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። ሳይጠብቁ መድገም ነው የሚጎዳው።

በሀብታም አገሮች ይህን ፓምፕ ያሰላል። ከታወቁት ስሌቶች አንዱ፣ በ1998 የታተመው፣ የተሠራው ከ24 ጤነኛ ፈቃደኞች ነው። የሚጠይቀውም ዕድሜን፣ ጾታን፣ ክብደትንና ቁመትን ብቻ ነው፤ ስለ ጫትና ስለ ውኃ ጥም አንስቴቲስቱ ራሱ መጠየቅ አለበት።