ተጨማሪ መረጃ፦ ተናጋሪው ሲንተባተብ አድማጩ ምን ያህል ይረዳል?

መንተባተብ ድምፅን መደጋገም («መ-መ-መጽሐፍ»)፣ ድምፅን ማስረዘም («ስስስስኳር») ወይም ቃሉ አፍ ላይ ደርሶ ጭራሽ አልወጣ ማለት ሊሆን ይችላል። ከ100 ጎልማሶች በግምት 1 ሰው ይንተባተባል።

አድማጭ አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን መለየት አያቅተውም፤ የሚከብደው ሐሳቡን ተከትሎ መሄድ ነው። መንተባተቡ እየበዛ ሲሄድ አድማጩ ለመረዳት የበለጠ እንደሚደክም ጥናቶች ያሳያሉ። ትኩረቱ «ምን አለ?» ከሚለው ወደ «እንዴት አለው?» ይሸሻል።

የባሰው ግን የአድማጩ ችኮላ ነው። «መ-መ-» የሚለውን ሰምቶ «መምህር?» ብሎ ይቀድማል፤ ተናጋሪው ሊል የፈለገው ግን «መጽሐፍ» ነበር። አሁን ተናጋሪው የአድማጩን ስህተት አርሞ ዓረፍተ ነገሩን እንደ አዲስ መጀመር አለበት፤ አድማጩም የተሳሳተውን ግምት ከአእምሮው ማውጣት ይጠበቅበታል። በቅን ልብ ቢደረግም ሁለቱንም ያደክማል። መንተባተብ ከማሰብ ችሎታ ጋር አይገናኝም፤ ይህን የማያውቅ አድማጭ ግን የተናጋሪውን ሐሳብ ራሱን አሳንሶ ሊያይ ይችላል፤ ይህ ትልቅ በደል ነው።

የሚንተባተብ ሰውም ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ማድረስ እንደሚችል አንድ ምሳሌ እነሆ፦ የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ከልጅነታቸው ጀምሮ ይንተባተቡ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 1939 ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመር በሬዲዮ ሲናገሩ፣ የንግግር አሠልጣኛቸው ላዮኔል ሎግ አብረዋቸው ነበሩ። ንጉሡ በየሐረጉ እያረፉ፣ በዝግታ ንግግሩን እስከ መጨረሻው አደረሱት።