የተቀዳው ምንጭና የተጻፈው ስም፦ የሌድ ዜፕሊን ሙዚቃ ከየት መጣ?



የዛሬው ንግግሬ በአንድ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ላይ ያተኩራል። ሌድ ዜፕሊን በ1968 ለንደን ውስጥ ተመሠረተ፤ ከበሮ መቺው ጆን ቦንሃም በ1980 በሞተ ጊዜ ተበተነ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው። ባንዱ በእነዚህ 12 ዓመታት ያሰማው ድምፅ ሃርድ ሮክ ለሚባለው ስልት እንደ መሠረት ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ድምፁን ፈትተን ስንመረምረው ከልዩ ልዩ ምንጮች የተቀዳ ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ሁለት ጥያቄዎች አነሣለሁ፦ ምንጮቹ እነማን ነበሩ? ባንዱስ ስማቸውን ጠርቷልን?

ከአንድ ዘፈን ልነሣ። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ በዳርና ዳር የተሠሩለትን የአፈር ክትሮች ጥሶ ሰፊ አገር አጥለቀለቀ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ መከራው ይልቁንም የጸናው በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜምፊስ ሚኒና ባለቤቷ ካንሳስ ጆ ማኮይ «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» የተባለውን፣ ክትሩ ሲጣስ መጠጊያ ስለሚያጣ ሰው የሚናገረውን ዘፈን በሸክላ አስቀረጹ። የሚዘፍነው ጆ ነው፤ አጃቢዎቹም ሁለት ጊታሮች ብቻ ናቸው።

ሌድ ዜፕሊን ይህንኑ ዘፈን ከ42 ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ በአራተኛው አልበሙ አወጣው። ከግጥሙ ብዙው የቀድሞው ነው፤ ድምፁ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ቦንሃም ከበሮውን የመታው ሄድሊ ግሬንጅ በሚባል አሮጌ የገጠር ሕንፃ ውስጥ፣ በደረጃው ግርጌ ነው። የድምፅ መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክሮፎኖችን ከደረጃው ላይ አንጠልጥሎ ከበሮውን ከሩቅ ቀዳው። በመሆኑም የምንሰማው የከበሮውን ምት ብቻ ሳይሆን የሕንፃውንም ማስተጋባት ነው። በአልበሙ ላይ ከአራቱ የባንዱ አባላት ጋር የሜምፊስ ሚኒ ስም በደራሲነት ተጽፏል፤ የዘፋኙ የጆ ስም ግን የለም።

ሁለተኛው ምንጭ የቺካጎ ብሉዝ ነው። በ1915 በሚሲሲፒ የተወለደው ዊሊ ዲክሰን ቺካጎ ገብቶ፣ ቼስ በተባለው የሸክላ ኩባንያ ውስጥ ለመዲ ዋተርስና ለሃውሊን ዎልፍ ዘፈኖችን ይደርስ ነበር። የእንግሊዝ ወጣቶች እነዚህን ሸክላዎች እያደመጡ ጊታር ተማሩ። የሌድ ዜፕሊን የመጀመሪያ አልበም በ1969 ሲወጣ ሁለት የዲክሰንን ዘፈኖች ይዞ ነበር፤ ስሙም በሁለቱም ላይ ሰፍሯል። በዚያው ዓመት በወጣው ሁለተኛው አልበም ላይ ያለው «ሆል ሎታ ላቭ» ግን መዲ ዋተርስ በ1962 ከዘፈነው የዲክሰን ድርሰት ብዙ ቃላት ወስዶ ሳለ፣ የዲክሰን ስም አልተጻፈበትም። ዲክሰን በ1985 ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩም በ1987 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛኑን የጠበቀ ይሁን፦ ዘፈኑን ያስጠራው ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ የጂሚ ፔጅ ፈጠራ ነው፤ ዕዳው በቃላቱ ላይ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ የብሪታንያ የሕዝብ ዘፈን ነው። ፔጅ የስኮትላንዳዊውን የበርት ጃንሽን የጊታር አጨዋወት አጥብቆ ይወድ ነበር። በ1969 በራሱ ስም ብቻ ያወጣው «ብላክ ማውንቴን ሳይድ» ጃንሽ በ1966 ካቀረበው የአየርላንድ ባህላዊ ዘፈን አቀናባበር ጋር እጅግ ይቀራረባል። በዚህ ሥራና በ1975 በወጣው «ካሽሚር» ውስጥ የጊታሩ ስድስት ክሮች «ሬ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ላ፣ ሬ» ተብለው ይቃኛሉ። ይህን ቅኝት በብሪታንያ ጊታሪስቶች ዘንድ ያስፋፋው፣ ሞሮኮ ሄዶ የአገሩን ሙዚቃ ያደመጠው ዴቪ ግራሃም ነው። ክራር ደርዳሪ ቅኝቱን ሲለውጥ የዜማው ስሜት እንደሚለወጥ ሁሉ፣ ጊታሩም በዚህ ቅኝት የደስታም የኀዘንም ወገን ያልያዘ፣ የተንጠለጠለ ድምፅ ይሰጣል። በ«ካሽሚር» ውስጥ ጊታሩ በየ3 ምቱ ሲዞር ከበሮው በየ4 ምቱ ይዞራል፤ ሁለቱ አንድ ላይ የሚያርፉት በየ12 ምቱ ነው። ዘፈኑ ማለቂያ የሌለው ጉዞ የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ነው።

እንግዲህ መቅዳት በራሱ ነውር ነውን? አይደለም። ሚኒና ጆም የብሉዝን ቋንቋ የተማሩት ከቀደሟቸው ነው፤ ስንኞችም ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝ ሲተላለፉ ኖረዋል። ነገር ግን ዘፈን ከአፍ ወደ ሸክላ ሲሸጋገር ስም ከክብር በላይ ሆነ። በደራሲነት የተመዘገበ ሰው ሸክላው በተሸጠና በሬዲዮ በተላለፈ ቁጥር የሚከፈለው ድርሻ አለው። ስሙ የተዘለለ ግን ከክብሩም ከእንጀራውም ይጎድላል። ሜምፊስ ሚኒ በ1973 በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስታርፍ ያ አልበም በዓለም ዙሪያ እየተሸጠ ነበር። ዲክሰንም ይህን ጉዳት ስላወቀው፣ የብሉዝ ሙዚቀኞች መብታቸውን እንዲያስከብሩ የሚረዳ ብሉዝ ሄቨን የተባለ ተቋም አቋቁሟል።

ተማሪዎቼ፣ የ1929ኙን ሸክላ አስቀድማችሁ፣ የ1971ዱን ደግሞ አስከትላችሁ አድምጡ። በመጀመሪያው ጎርፉን ያየ ትውልድ ሲናገር ትሰማላችሁ፤ በሁለተኛው ጎርፉ ራሱ የመጣ ይመስላችኋል። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው። የሁለተኛው ታላቅነት የመጀመሪያውን ባለቤቶች ስም በመጥራት ቅንጣት ታህል አይቀንስም።