«የመጠነ ቁስ ማዕከል» እና «ምትክ መጠነ ቁስ»፦ ስለ ሁለት የፊዚክስ ቃላት አሰያየም

ሁለት አካላት እየተሳሳቡ ሲንቀሳቀሱ የፊዚክስ ሊቃውንት ጥያቄውን ለሁለት ከፍለው ይመረምሩታል። በመጀመሪያ ሁለቱ በአንድነት ወዴት እንደሚሄዱ፣ ቀጥሎም አንዱ ከሌላው አንጻር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ጽንሰ ሐሳብ ተበጅቶለታል። ተርጓሚን የሚፈትኑትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

የመጀመሪያው ሁለቱን አካላት በሚያገናኘው መስመር ላይ የሚገኝና መጠነ ቁሱ ወደሚበልጠው አካል የሚያደላ ነጥብ ነው። አንዱ 3፣ ሌላው 6 ኪሎግራም ቢሆን፣ ነጥቡ ከ6 ኪሎግራሙ የርቀቱን ሲሶ ያህል ርቆ ይገኛል። የመሬት መጠነ ቁስ የጨረቃን 81 እጥፍ ያህል በመሆኑ የሁለቱ ነጥብ የሚውለው እዚያው መሬት ውስጥ፣ ከእምብርቷ 4,670 ኪሎሜትር ገደማ ርቆ ነው። ይህን «ማዕከላዊ መጠነ ቁስ» ብንለው ሐረጉ መሐል የተቀመጠን ቁስ እንጂ ነጥብን አያመለክትም። «ማዕከለ መጠነ ቁስ» ማለትም አያረካም፤ በግእዝ «ማዕከለ» «በመካከል» የሚል መስተዋድድ ሆኖ ያገለግላልና። ስለዚህ «የመጠነ ቁስ ማዕከል» ይመረጣል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስቸግራል። መጠኑ የሚገኘው የሁለቱ መጠነ ቁሶች ብዜት ለድምራቸው ሲካፈል ነው፤ ከላይ ለተጠቀሱት አካላት 18 ለ9 ተካፍሎ 2 ኪሎግራም ይሆናል። ይህ መጠን በስሌቱ ሲገባ የሁለት አካላት ጥያቄ ወደ አንድ አካል ጥያቄ ይመለሳል። እንግሊዝኛው «ሪዲውስድ ማስ» ይለዋል። የቃሉ ምንጭ የሆነው የላቲን ግስ ፍቺው «መልሶ ማምጣት» ቢሆንም፣ ዛሬ ጎልቶ የሚሰማው «መቀነስ» ስለሆነ ተርጓሚው ወደ «የተቀነሰ መጠነ ቁስ» ሊያዘነብል ይችላል። ውጤቱ ከሁለቱም መጠነ ቁሶች ማነሱ ስያሜውን እውነት ያስመስለዋል። ነገር ግን ከማንኛቸውም የተነሣ ነገር የለም። ተማሪው «ከ3 ኪሎግራሙ አንዱ የት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥፋቱ የስያሜው ነው። ሩስያውያን «ፕሪቬድዮናያ ማሳ» ሲሉ የተጠቀሙበት ግስ «ወደ አንድ ነገር ማምጣት» የሚል ነውና ከዚህ እንቅፋት ድነዋል።

የሃይድሮጂን አቶም ነገሩን ያጠራዋል። የፕሮቶን መጠነ ቁስ የኤሌክትሮንን 1,836 እጥፍ ያህል ስለሆነ በስሌቱ የሚገባው መጠን ከኤሌክትሮኑ በ2,000 ከአንድ በጥቂቱ የሚበልጥ ያንሳል። በከባዱ ሃይድሮጂን፣ በዲውተርየም፣ ጉድለቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሃሮልድ ዩሬይና ባልደረቦቹ በ1931 እ.ኤ.አ. ዲውተርየምን ያገኙት ይህ ልዩነት በብርሃን መስመሮች ላይ ያስከተለውን ጥቂት ፈቀቅታ ለክተው ነው። ኤሌክትሮኑ በሁለቱም አቶሞች ያው ነው፤ የተለወጠው በስሌቱ የተተካለት መጠን ነው።

እንግዲህ ለመዝገበ ቃላት የሚከተለው ይቀርባል።

ምትክ መጠነ ቁስ፦ የሁለት አካላትን አንጻራዊ እንቅስቃሴ እንደ አንድ አካል እንቅስቃሴ ለማስላት የሚያገለግል፣ የሁለቱ መጠነ ቁሶች ብዜት ለድምራቸው ተካፍሎ የሚገኝ መጠን።